አዮ ስም ስትሳሳት

ነቀምቴ፣ ቅዳሜ ጥቅምት 20 ቀን 1958 ዓ.ም.

ስለ አንድ ልጅ የበዛበት የፈረንጅ ቤተሰብ የሚያወራው ታሪክ ሁለተኛው መጽሐፍ ዛሬ እጄ ገባ። የእንግሊዝኛ መምህራችን ናቸው ያዋሱኝ። የመጀመሪያውን አምና ከታላቅ ወንድሜ ከቶሌራ ጋር አንድ አልጋ ላይ ተጋድመን ጨረስነው። እኔ አነባለሁ፤ እሱ ወደ ኦሮምኛ እየመለሰ ታናናሾቻችንን ያስቃል። አባትየው የልጆቹን ስም ሲያምታታ፣ "ይሄ ሰውዬ አዮን የት ያውቃታል?" ይል ነበር። እናታችን አዮም አንዳችንን ለመጥራት የሁላችንንም ስም ትደረድራለችና።

ቶሌራ በክረምት ከሞተ ወዲህ አዮ አትሳሳትም። አስባ፣ ቀስ ብላ፣ አንድ ስም ብቻ ትጠራለች። ከልቅሶው ይልቅ ይህ ይከብደኛል።

ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ማንበብ ጀመርኩ። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ሳላስበው ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ወዲያው አፈርኩ። አዮ ጓሮ ሆና ሰምታኝ ኖሯል።

"ቶሌራ! ኤባ! ገመቹ! ማነው እንዲህ የሚገለፍጠው?"

ከዚያ ድምፅዋ ጠፋ። "አቤት አዮ፣ ገመቹ ነኝ" አልኩ።

የቀነጠሰችውን ጎመን እንደታቀፈች መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ይቅርታ የምትጠይቀኝ መስሎኝ ፈራሁ።

"ብቻህን ትስቃለህ እንዴ? ኮቱ፣ ና እስኪ፣ ለእኔም በእኛ ቋንቋ ንገረኝ" አለችኝ።

ወደ ኦሮምኛ መመለስ የእሱ ሥራ ነበር። እየተንተባተብኩ ሞከርኩ፤ ቀልዱ አፌ ውስጥ ቀዘቀዘ። አዮ ጎመኗን እየከተፈች እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ራሷን ነቀነቀች።

"ቶሌራ እንዲህ አይለውም ነበር" አለች።

አሁን ስሙን የጠራችው ተሳስታ አይደለም።