ጃንጥላና ጫጉላ

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ከሥራ በኋላ ሃያ ሁለት ማዞሪያ ካፌ ከመሐሪ ጋር የጾም ማኪያቶ። ከሰርጋችን በኋላ የት እንሂድ ስንባባል ከረምንና ዛሬ ለየልን... ድሬዳዋ። አዲስ አበባ በዝናብ ስትበሰብስ እኛ ሙቀት ላይ። አንድ ሳምንት፣ ብቻችንን። የፕላን ቲኬቱን ቆረጠ። ከዚያ በኋላማ የምንገባው እናቱ ግቢ፣ ሰርቪስ ቤት ነው። ባስነጥስ እማማ ዘርፌ ከሳሎናቸው «ይማርሽ» ይሉኛል። ይህቺ ሳምንት የግድ ናት።

ሰኔ 8፣ እሁድ

ለእማማ ዘርፌ ነገርናቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

«ጫጉላ ቤት ነው። ሙሽራ ቁጭ ብላ ዘመድ ይጠይቃታል እንጂ ሆቴል ለሆቴል ትዞራለች እንዴ?»

መሐሪ ጫማውን ማየት ጀመረ። ጀግናዬ።

ምን እንደነካኝ እንጃ... «ስለት አለብኝ እኮ እማማ» አልኩ። «ኩሉቢ ገብርኤል። በዓሉ በሰርጋችን ሳምንት ነው። ድሬዳዋ የምናርፈው ለዚያ ነው።»

«ምን ተሳልሽ?»

ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። «ጃንጥላ።»

መረቁኝ። ከበር ስንወጣ መሐሪ፣ «አንቺ ልጅ ሲኦል ትገቢያለሽ» አለኝ። አብረን ነዋ የምንገባው፤ ልንጋባ አይደል?

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

ጉድ ፈላ። እማማ ዘርፌ ደወሉ። ለካ እሳቸውም ስለት አለባቸው... ልጃቸውን ከዳሩ ኩሉቢ ሊሄዱ።

«አብረን እንሄዳለን ልጄ። ማህበርተኞቼም ይመጣሉ፣ አውቶቡስ ይዘናል። ደግሞ ቅዱስ ቦታ ነው፤ ሴት ከሴት፣ ወንድ ከወንድ ነው የምናድረው።»

ጫጉላዬን ከአንድ አውቶቡስ እናቶች ጋር? ለመሐሪ ስነግረው ሳቀ። ምኑ ነው የሚያስቀው?

ሰኔ 22፣ እሁድ

ሞከርኩ። «መንገዱ ሩቅ ነው፣ ጉልበትዎን ያምዎታል» አልኳቸው።

«ለገብርኤል ጉልበት አይጠየቅም።»

ሙቀቱስ? «ቆላ ነው ያደግሁት።»

አለቀልኝ። ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ካለ ንዋያተ ቅድሳት ሱቅ ጃንጥላውን ገዛሁ። ቀይ፣ ዘርፉ ወርቃማ። ይዤው ስወጣ ፈራሁ። ከገብርኤል ጋር ይቀለዳል? የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሜ እውነቱን ነገርኩት። ገብርዬ፣ ዋሽቻለሁ። አሁን ግን የምሬን ልሳል... ብቻችንን ካደረግኸን ጃንጥላው ያንተ ነው።

ይሄ ጉቦ ይባላል ወይስ ጸሎት? ጃንጥላው ቁም ሳጥኔ ጥግ ቆሞ ያየኛል።

ሐምሌ 13፣ እሁድ

ተጋባን። እግሬ አብጧል። ነገ መልስ። ደስ ብሎኛል፣ በጣም... ያ አውቶቡስ ትዝ እስኪለኝ ድረስ።

ሐምሌ 16፣ ረቡዕ

በጠዋት መገናኛ። አውቶቡሱ ነጠላ በነጠላ ሆኗል። ሻንጣዬንና ጃንጥላውን ይዤ ልሳፈር ስል እማማ ዘርፌ በሩ ላይ ቆመው መንገድ ዘጉብኝ።

«ወዴት ነው?»

«ኩሉቢ...»

«የናንተ ፕላን አራት ሰዓት ላይ ነው። ቲኬቱን እንዳትመልስ ብዬዋለሁ።»

ዞሬ መሐሪን አየሁት። ጫማውን እያየ ነው። ከዳተኛ። ያን ሁሉ ቀን እያወቀ።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ስለት ያለባት ሴት፣ ምን ተሳልሽ ስትባል ጣሪያ አታይም። የዚህ ልጅ አባት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በተጋባን ሳምንት ጠበል ልወስዳት ነው ብሎ አማቴን አስፈቀደ። የወሰደኝ ሶደሬ ነው። ዋና ተምሬ ተመለስኩ።»

«ታዲያ ለምን እንዲህ አስጨነቁኝ?»

«ስለዋሸሽኝ ነዋ» አሉና ግንባሬን ሳሙኝ። «በይ ጃንጥላውን ስጪኝ፣ እኔ አደርስልሻለሁ።»

እጄ እምቢ አለ። «አይ እማማ... እኔው ነኝ የማስገባው።»

ሐምሌ 18፣ ዓርብ

ድሬዳዋ። ሙቀት፣ ሐብሐብ፣ ከግድግዳው ወዲያ የምናውቀው ሰው የለም። ጠዋት አስነጠስኩ። «ይማርሽ» ያለኝ መሐሪ ብቻ ነው። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ነገ ገብርኤል ነው። በማለዳ ኩሉቢ እንወጣለን፤ እማማንም እዚያው እናገኛቸዋለን። ጃንጥላውን እንዳልረሳው ከአሁኑ በሩ ጋ አቆምኩት። መሐሪ አየውና፣ «የውሸት ስለት አልነበረም እንዴ?» አለኝ።

ነበር። ግን ሰመረልኝ።