የታደሰ የሥራ ልብስ

ማክሰኞ፣ ጥር 12፣ ደብረ ብርሃን

ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም። ባሌ ታደሰ የሚሠራው የቧንቧ መክፈቻ ኒኬል በሚለበጥበት ፋብሪካ ነው። ሰሞኑን ክንዱ እየቆሰለ፣ ባቱ እየተኮማተረ ሲያስቸግረው ብርዱ ነው ብለን ነበር።

ዛሬ አብረን ሐኪም ቤት ሄደን፣ ሐኪሟ የደሙን ውጤት አይታ፣ “ኒኬሉ ሰውነትዎ ውስጥ ገብቷል። በደምዎ ውስጥ ያለውን ማግኒዥየምና ዚንክ ያዛባብዎት እሱ ሳይሆን አይቀርም” አለችው።

“ሥራውን ከተውኩ ምን እንበላለን?” አለ ታደሰ ቀስ ብሎ።

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። “የሥራ ልብሱን ማን ነው የሚያጥበው?”

“እኔ ነኝ፣ በእጄ።”

የሰባት ወር ሆዴን አየችና፣ “እንግዲያው የእርስዎንም ደም እንመርምር” አለችኝ።

ደም ሰጥቼ መጣሁ። ውጤቱ ገና ነው። ልጁ ሆዴ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ደስ ይለኝ ነበር፤ ዛሬ ግን በተንቀሳቀሰ ቁጥር እደነግጣለሁ።