ከራዲያተሩ ፊት የነበረው ካርቶን

ወንድሜ፣

አሮጌው ጂፕ ከእንግዲህ አይፈላም። ራዲያተሩ ፊት ተሸጉጦ አየር የከለከለውን ካርቶን አውጥቼዋለሁ። በብርዱ ወራት ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ ብዬ የከተትኩት እኔ ነኝ፤ ረሳሁት።

ትናንት መካኒኩ ፊት «እጅህ የነካው ሁሉ ይበላሻል» ያልኩህም እኔው ነኝ።

አንተ ከወጣህ በኋላ ግን መካኒኩ ነገረኝ። እሁድ መኪናውን ስታጥብ ካርቶኑን አይተህ፣ «ሽማግሌው ወንድሜ ራሱ ይድረስበት» ብለኸዋል።

ይህን እያወቅህ ሐሙስ እህታችንን ሆስፒታል ላደርስ ስነሳ ቁልፉን በእጅህ አቀበልከኝ።
ዳገቱ ላይ ፈልቶ ቆመ። እሷ ፀሐይ ላይ ለሁለት ሰዓት ተቀመጠች።

ሞተሩ ሳይበርድ የራዲያተሩን ክዳን አትክፈት፤ እንፋሎቱ ፊትህን ይልጥሃል። ቁልፉ ምስማሩ ላይ ነው።

እኔ በአውቶቡስ እሷ ዘንድ ሄጃለሁ። የማን ጥፋት እንደሆነ ትጠይቀኛለች። የእኔ ነው እላታለሁ።

የአንተን ድርሻ አንተ ንገራት።