የተሰረዘው የጉም መዝሙር

ይድረስ ለእታለሜ ለአስረሳች ተገኘ፣ ደብረ ታቦር።

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽስ፣ ልጆቹስ፣ ያ ሐምሌ በገባ ቁጥር የሚያነክስሽ ጉልበትሽስ? እማዬስ፣ ሳሏ ቀለል አላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰመራ ላይ ጎሚስታ ሆኜ፣ በፀሐይ የጋለ ጎማ በእጄ ነክቼ ሳልጮህ የዋልኩበትን ቀን ግን አላስታውስም።

እማዬ ለሰፈሩ ሁሉ ልጄ መዝሙር ደረሰ ብላ አወራች አሉ። ላንቺ ብቻ ሹክ ያልኩሽን! መቼም ሆድሽ ወሬ አይቋጥር። የሐምሌ ገብርኤል ዕለት ጎረቤቱን ሰብስባ በስልክ ልትሰማው እንደተዘጋጀች ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ፤ ምክንያቱም መዝሙሩ ተሰርዞ ነበር።

እዚህ ሰንበት ትምህርት ቤታችን አዲስ መዝሙር የመዝሙር ክፍሉ ኃላፊ ሳያየው አይዘመርም። ኃላፊው ካሕሳይ ነው፤ የውሃ ቦቴ ሹፌር፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው። የኔ መዝሙር እግዚአብሔርን ስለ አገራችን ጉም፣ ስለ ጤዛው፣ ስለ ምንጩ የሚያመሰግን ነበር። ልምምድ ላይ መሪ ዘማሪያችን ኮከብ፣ ብርዱን ስለሰጠኸን ብላ ስታነሳ ላቧ ከአገጯ ይንጠባጠብ ነበርና ዘማሪው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ካሕሳይ ግን አልሳቀም። እዚህ ጉም ያየ ሰው እጁን ያውጣ፣ ሰው በሌለው ነገር አያመሰግንም ብሎ ጉሙን በሙሉ ሰረዘው። መዝሙር የሚደርስ ሁሉ ደገኛ ነው እንዴ፣ ቆላውን የፈጠረው ሌላ ነው ወይ ብሎም ተቆጣኝ።

ታዲያ ምን ላመስግን ብዬ አንድ የከባድ መኪና ተሳቢ ሥር ቁጭ ብዬ ስጨነቅ ወዳጄ ሰዒድ ደረሰ። የወሎ ልጅ ነው፣ ከጅቡቲ የሚጭን ሹፌር። ችግሬን ስነግረው፣ ወላሂ አንተ ሰውዬ፣ ጥላ ውስጥ ተቀምጠህ ነው ምን ላመስግን የምትለው፣ አላህ ለበረሃ ሰው ከጥላ የሚበልጥ ምን ሰጠው አለኝ። አፈርኩ። ስለ ግራር ጥላ፣ ባሕር ሳይደርስ እዚሁ በረሃ ስለሚቀረው ስለ አዋሽም ጻፍኩ። ተሳቢዋንም ውለታዋን አስቤ አስገብቻት ነበር፤ ካሕሳይ ይህቺ የሰው ሥራ ናት ብሎ ሰረዛት። ሲሰርዝ ሲሰርዝ መዝሙሩ እፍኝ አከለ።

የንግሡ ዕለት ታቦቱ ወጥቶ ዑደት ሲጀመር ለእማዬ ደውዬ ስልኩን ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ስለ ጥላ ጠራራ ላይ ቆመን ዘመርን፤ ሕዝቡም፣ በተለይ ጃንጥላ ያልያዘው፣ ከልቡ ተቀበለን። ግን ምን ዋጋ አለው፣ መዝሙሩ አለቀ፣ ታቦቱ ገና መንገድ ላይ ነው! ታቦት እየሄደ ዝም አይባል። ካሕሳይ ኮከብን ያያል፣ ኮከብ እኔን ታያለች፣ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ከዚያ ኮከብ ምን ታድርግ፣ የተሰረዘውን ጉም አነሳችው!

እታለም፣ ማንም አልሳቀም። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከየትም የመጣው ሁሉ ተቀበለ። ታቦቱ ከገባ በኋላም እንኳ አልተውነውም፤ ቄሱ በቃችሁ ልጆቼ፣ ፀሐይ ጨረሰን ብለው እስኪለምኑን ደጋገምነው። ካሕሳይን ዞር ብዬ ባየው ዓይኑን በነጠላው እየጠረገ ከሁላችንም በላይ ይጮሃል። በኋላ ምነው ብለው ላብ ነው አለኝ።

ለካ ስልኬ ጉሙ ሳይነሳ በሙቀቱ ጠፍቶ ኖሯል። ማታ ስደውልላት እማዬ፣ ቆንጆ ነው ልጄ፣ ጥላውንም አዋሹንም ሰማሁ፣ ግን አገርህን እንዲህ ረሳኸው ወይ አለችኝ። ይህ በስልክ አይነገርም ብዬ ተውኩት። ስለዚህ ይህን ወረቀት ማዳበሪያ ጭኖ ወደ እናንተ ለሚመጣው ለሰዒድ ሰጠሁት። ነገ ዛሬ ሳትይ፣ ጠዋት ጉሙ ሳይገፈፍ፣ እማዬን በጋቢ ጠቅልለሽ ደጅ አውጫትና አንብቢላት፦

ጉም ስታለብሰው የሰፈሩን ዋርካ፣
ብርድ ነው እያልኩኝ ሸሽቼህ ነው ለካ፤
ዛሬ በሀሩር ላይ ጤዛህን ስናፍቅ፣
ቸርነትህ ገባኝ ከቀዬዬ ስርቅ።

ሰዒድን ሳይበላ እንዳትለቂው። የባልሽን የጋሽ አያልነህን ጉልበት ሳሚልኝ። ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፤ በረደኝ ብሎ የሚነጫነጭ ካለ ወደ እኔ ላኪው። እማዬን እግሯን ሳሚልኝ። ደጅ ስትወጡ ለጉሙም ሰላም በይልኝ።

ወንድምሽ ቻላቸው ተገኘ
ሰመራ፣ ሐምሌ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.