በግንቦት ጃኬት ለሚለብሱት ሥራ አስኪያጃችን

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት ቀዝቃዛ ክፍል

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ብርዱስ እንዴት ይዞዎታል? ጉንፋኑ ለቀቀዎ? ይህን የምጠይቀው ለደብዳቤ ወግ ያህል አይደለም። ጤናዎን ጠይቄ መልሱን እንዳደርስላቸው አደራ ያሉኝ ሰው ስላሉ ነው፤ ማንነታቸውን ወደ መጨረሻው እነግርዎታለሁ።

የድሬ ሰው «እርስዎ» የሚለው ወይ እንግዳ ሲመጣበት ወይ ሲያኮርፍ መሆኑን ያውቃሉ። እርስዎ ደግሞ የከዚራ ሰፈር ልጅ ነዎትና እንግዳ አይደሉም። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች «እርስዎ» እያለ የሚሄድበትን ምክንያት ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብኛል። የሆስፒታሉን ስም ያልጻፍኩትም ለመደበቅ ብዬ ሳይሆን፣ በዚህ ከተማ በግንቦት ወር ጃኬት የለበሱ ሰዎች የሚወጡበት በር አንድ ብቻ ስለሆነ ነው።

እኔ ማዘንጊያ ክፍሉ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ መስኮቴ ከሰርቨር ክፍሉ በር አጠገብ ነው። ድሮ ሥራዬ የታካሚን መረጃ ፈልጎ ማውጣት ነበር። ዛሬ ሥራዬ «ሲስተም የለም» ማለት ነው። ቃሉን ከመደጋገሜ የተነሳ ሳቢያን ሰፈሬ ድረስ ተከትሎኝ መጥቷል፤ የባጃጅ ሾፌሮች «ሲስተም የለም፣ ነይ ግቢ» እያሉ ይጠሩኛል። አብሬያቸው እስቃለሁ፣ ቤቴ ስገባ ግን አፍራለሁ።

በቁጥር ያልቀረበ ነገር ደስ እንደማይልዎ ስለማውቅ ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ማወዳደሩ። አሮጌዎቹ ሰርቨሮች እንዲቀየሩ ሲወስኑ ከልባችን ያጨበጨብነው እኛ ነን። አዲሱ አሠራር ሃይፐር ኮንቨርጅድ እንደሚባል፣ እስከ ዛሬ ለየብቻ የነበሩትን ማስሊያውን፣ የመረጃ ማከማቻውንና ኔትወርኩን በአንድ ዓይነት ሳጥኖች አዋህዶ በሶፍትዌር እንደሚያስተዳድር፣ ከሳጥኖቹ አንዱ ቢወድቅ የቀሩት ሥራውን ተረክበው ታካሚው ሳይሰማ እንደሚቀጥሉ ሰብስበው አስረድተውናል። ገበያ ላይ ካሉት ሦስት ተለይተው ቀረቡ፤ ኮሚቴ ተዋቀረ፤ ኮሚቴውም ማወዳደር ጀመረ። ይኸው እስከ ዛሬ ያወዳድራል። የመጀመሪያው ሁሉ ነገሩ የተሟላ ነው፣ ነገር ግን የፈቃዱ ክፍያ በፕሮሰሰር ኮር፣ ማለትም በማሽኑ አንጎሎች ብዛት፣ እየተሰላ በየዓመቱ ይታደሳል ተባለ። ሁለተኛው ለአሠራር ቀላል ነው፣ ነገር ግን ከራሱ ሳጥን ሌላ አይቀበልም፤ አንዴ የገባበት ሰው መውጣት ይቸግረዋል ተባለ። ሦስተኛው ለማንም ክፍት ነው፣ ፈቃድም አይጠይቅም፣ ነገር ግን ሲበላሽ የሚጠራው ባለሙያ የራሳችን ሰው ነው ተባለ። ይህን ሁሉ ያወቅኩት የምትሰበሰቡበት ክፍል በር አዘውትሮ ክፍት ስለሚሆን ነው። እኔ ከመስኮቴ ሆኜ እንኳ ከሦስቱ የትኛውም ቢገባ ከ«ሲስተም የለም» እንደሚሻል ገብቶኛል። «መራጭ ይወድቃል ከምራጭ» የሚለው ተረትም እናንተን አይነካም፤ ለመውደቅ አስቀድሞ መምረጥ ያስፈልጋልና።

፪ኛ. ስለ ስብሰባው ቦታ። ኮሚቴው ሥራውን የጀመረው እንደ ማንኛውም ኮሚቴ በአዳራሽ ነበር። ሙቀቱ ሲጠና የአዳራሹ ቬንትሌተር ትኩሱን አየር ከአንዱ ተሰብሳቢ ወደ ሌላው ከማመላለስ በቀር የሚሠራው አልነበረውም። ያኔ አንድ አስተዋይ አባል ነባራዊ ሁኔታውን በአካል ሳናይ እንዴት እናወዳድራለን ብለው ስብሰባውን ወደ ሰርቨር ክፍሉ አዛወሩት። ሁለት ኤሲ ሌት ተቀን የሚሠራበት ክፍል ድሬ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርዎትም። ጠረጴዛ ገባ፤ ወንበር ገባ፤ ከማሽኖቹ ሥር ውሃና ሀብሐብ ገባ። ጥቂት የነበሩት አባላት ፋይናንስን፣ ግዢንና ሕግን ጨምረው በዙ፤ በመጨረሻም የልብስ ንጽሕና ኃላፊው የተጠቃሚን አስተያየት ይዘው ገቡ። እኔም ላብ ሲያጠምቀኝ ከበራችሁ የሚመጣው ነፋስ ደስ ይለኝ ስለነበር በማንም ላይ አልፈርድም።

ችግሩ አዲሶቹ ሳጥኖች የሚቆሙት በዚያው ክፍል፣ ጠረጴዛው ባለበት ቦታ ላይ መሆኑ ነው። አሸናፊው በታወቀ ማግስት ጠረጴዛው ይወጣል። ይህ ከታወቀ ወዲህ ውድድሩ ሊያልቅ በተቃረበ ቁጥር አዲስ መስፈርት ይወለዳል። ሦስተኛው ሊመረጥ ፊርማ ብቻ ሲቀረው የሳጥኖቹ ጩኸት ለተሰብሳቢ ይስማማል ወይ የሚለውን መስፈርት ያከሉት እርስዎ ነዎት። ስለ ጥልቀትዎ አመሰግናለሁ።

፫ኛ. ስለ ፊልሙ። ድሮ ሲቲ ስካን የተነሳ ሰው ፊልሙን ተቀብሎ በፌስታል ጠቅልሎ ይሄድ ነበር፤ መጋላ ሰፈር ውስጥ ከፍራሽ ሥር የአንድ ቤተሰብ ሆድና ሳንባ ያላስቀመጠ ቤት አልነበረም። እርስዎ ሁሉም ነገር ሲስተም ውስጥ አለ ብለው ፊልም መስጠቱን አስቀሩ። የምስሎቹ ቅጂ በሌላ ቦታ ይቀመጥ ሲባልም ከአዲሱ ጋር አብሮ ይመጣል አሉ። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ሞልቶ ሲወያይ፣ በሩም ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ኤሲዎቹ ሰውንም ማሽንንም ማብረድ አቃታቸው፤ ምስሎቹ ያሉበት አሮጌ ማከማቻ ግሎ ራሱን አጠፋ። ቢያስነሱት ምስሎቹ አልከፈት አሉ፤ የባሰ እንዳይመጣ ተብሎም ጠፍቶ እንዲቆይ ተደረገ። ማስታወቂያዎ «ምስሎቹ አልጠፉም፣ ለጊዜው አይከፈቱም» ይላል፤ አዲሱ ሲስተም ሲመጣ ወደዚያ ሲዛወሩ ይከፈታሉ ማለት ነው። ስብሰባው ግን አልተቋረጠም። እንዲያውም ያ ትልቅ ማሽን ሙቀቱን ይዞ ስለጠፋ ክፍሉ ከበፊቱ ይበልጥ ቀዘቀዘ። ጃኬቱ የመጣው ያኔ ነው።

፬ኛ. ስለ አቶ ኻሊፍ። አቶ ኻሊፍ ዕድሜያቸውን በጂቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸውን የመጋላ ሰው ኤዶ ሁዶ፣ አክስት ሁዶ እንደ ማለት፣ እያለ ይጠራቸዋል። ባለፈው ዓመት ሆዳቸውን ታመው እኛ ዘንድ ሲቲ ስካን ተነሱ፤ በዚህ ዓመት ሕመሙ ሲመለስ እንደገና ተነሱ። ዶክተር ኑሀሚን ጉበታቸው ላይ አንዲት እጢ አይታ የተናገረችው ነገር ቀላል ነበር፦ ባለፈው ዓመትም ይህንኑ ያህል ከነበረች ትቀመጥ፤ አድጋ ከሆነ ትውጣ። የሚያስፈልጋት አሮጌውን ምስል ከአዲሱ ጎን አድርጋ ማየት ብቻ ነበር። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ሆስፒታል በእውነት መወዳደር የነበረባቸው ሁለት ነገሮች እነዚህ ነበሩ።

ኤዶ ሁዶ አሮጌውን ምስል ፍለጋ ወደ መስኮቴ መጡ። «ሲስተም የለም» አልኳቸው። «አቦ፣ እሱም ታመመ? እንግዲህ አላህ ያሽረው» ብለው ስቀው ሄዱ። ሌላ ቀን ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ በመጡ ቁጥር ገና ከሩቅ «በሽተኛሽ እንዴት አደረ?» ይሉኛል። የሚቀልዱት እኔ እንዳላፍር ብለው ነበር፤ እኔ ደግሞ ቀልዳቸውን በሰማሁ ቁጥር ይበልጥ አፍር ነበር።

አሁን ወደሚያውቁት ቀን ልምጣ። ኤዶ ሁዶና አቶ ኻሊፍ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ተራ ሲጠብቁ፣ እርስዎ ትንሽ ሊሞቁ ከክፍሉ ወጡ። ጃኬትዎ እስከ አንገትዎ ተቆልፏል፤ እጅዎ ብብትዎ ውስጥ ነው፤ አፍንጫዎ ይፈሳል፤ ይንዘፈዘፋሉ። በዚህ ከተማ፣ በዚያ ሙቀት፣ ጃኬት ለብሶ የሚንቀጠቀጥ ሰው ምን እንደሆነ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። ኤዶ ሁዶ ባለቤታቸውን «ተነስ አቦ፣ ሰውዬውን ወባ ይዞታል» አሏቸው። አቶ ኻሊፍ ሆዳቸውን በአንድ እጃቸው ደግፈው፣ በሌላው ግድግዳውን ይዘው ተነሱ። እርስዎም ተቀመጡ።

ኤዶ ሁዶ ውሃቸውን ሰጡዎት፤ ጠጡ። ከዚያ ክንድዎን ይዘው ወደ መስኮቴ አመጡዎትና «አንቺ ማዘንጊያ፣ እኛ እንቆያለን፤ የዚህን ምስኪን ካርድ ቀድመሽ አውጪለት» አሉኝ። እርስዎ አወቁኝ፤ እኔም አወቅኩዎት። «እኚህ ሰው አልታመሙም፣ የባልሽ ምስል ካለበት ክፍል ነው ብርዱ የመታቸው» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ከአፌ የወጣው ግን «ሲስተም የለም» የሚለው ሆነ። ኤዶ ሁዶ እርስዎን ቀና ብለው አይተው «ለሱም የለም?» አሉና ከንፈራቸውን መጠጡ። እርስዎ ወደ ክፍልዎ ተመለሱ፤ እኔ ጠረጴዛዬ ላይ አቀረቀርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ያፈርኩትም በእርስዎ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር።

ዶክተር ኑሀሚን ምስሉን ጠብቃ ጠብቃ፣ እጢዋ አድጋ ቢሆንስ ብላ ፈራች፤ ዶክተር መፍራት አለበትና አልፈርድባትም። አቶ ኻሊፍ በቀዶ ሕክምና ተከፈቱ። የወጣችው እጢ ተመርምራ ምንም የማታደርግ፣ ባትነካ ኖሮ አብራቸው የምታረጅ ዓይነት ሆና ተገኘች። አሁን አቶ ኻሊፍ ድነዋል ተብሏል። ከምን እንደዳኑ ግን የሚነግራቸው ሰው አልተገኘም፤ ሆዳቸው ላይ ያለው ስፌት ከእንግዲህ ከመኪና መሪ ጀርባ እንደማያስቀምጣቸው ተነግሯቸዋል።

፭ኛ. ስለዚህ ክቡርነትዎ ከሦስቱ አንዱን እንዲመርጡ፣ መምረጥ ካስቸገረዎ ዕጣ እንዲጥሉ፣ ጠረጴዛውንም እንዲያስወጡ በትሕትና እለምናለሁ።

ቢሮዎ ተዘግቶ ስለሚውል ይህን ደብዳቤ ከዋናው በር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ «ለጊዜው አይከፈቱም» ከሚለው ከራስዎ ማስታወቂያ ጎን ለጥፌዋለሁ። ደረጃዬ ዝቅተኛ፣ ድፍረቴ የዘገየ፣ አክብሮቴ ግን እስከዚች መስመር ድረስ ሳይጓደል የቆየ የበታች ሠራተኛዎ፣

ማዘንጊያ ክፍሉ
ከካርድ ክፍል መስኮት

ማስታወሻ፦ አደራ ያሉኝን ሰው እነግርዎታለሁ ብዬ ነበር። አቶ ኻሊፍ ከሆስፒታል የወጡ ዕለት ኤዶ ሁዶ ወደ መስኮቴ ብቅ ብለው ስለ ምስሉ አንድም ቃል አላነሱም። «ያ ወባ የያዘው ሰውዬ ተሻለው ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ገና ነው አልኳቸው፤ መዋሸት ስላልፈለግኩ። እሳቸውም አቶ ኻሊፍ ተኝተው ሳለ የለበሱትን ብርድ ልብስ አጥበው፣ አጣጥፈው፣ «ለኛ ሰው ከእንግዲህ አያስፈልገውም፣ ለሱ ስጪልኝ፤ ጤናውንም ጠይቀሽ ንገሪኝ» ብለው ትተውልኝ ሄዱ። ብርድ ልብሱ መስኮቴ ላይ ተቀምጧል። ሰኞ የአቶ ኻሊፍን የስፌት ክር ለማስወጣት አብረው ይመጣሉ፤ ደረሰው ወይ ብለው ይጠይቁኛል። እባክዎ ሰኞ ጃኬትዎን እንደለበሱ ይምጡና ከእጃቸው ይቀበሉ፤ እኔ ለእኚህ ሴት የምመልሰው አልቆብኛል።