ጣሪያ ሁለቴ የሚያንኳኩት ጋሽ አንቀጽ

በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ «ጋሽ አንቀጽ» እየተባሉ የሚታወቁት አጎቴ፣ ከአውቶቡስ ሾፌር አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው ኅዳር 12 ቀን 1941 ዓ.ም. ተወለዱ። ከአምስት ልጆች ሦስተኛ ሲሆኑ፣ ያደጉት ከአውቶቡስ ማደሪያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። እናታቸው ይናገሩ እንደነበረው አፋቸውን የፈቱት «ለምን» ብለው ነው። አባታቸውም «ይኼ ልጅ ወይ ጠበቃ ይሆናል፣ ወይ ሰው ያሳብዳል» ይሉ ነበር። ጠበቃ አልሆኑም።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ጀምረው፣ ከሙያ ትምህርት ቤት በ1960 ዓ.ም. በብየዳ ተመርቀው አባታቸው በሚሠሩበት ድርጅት ጋራዥ ተቀጠሩ። እጃቸው የተባረከ ነበር፤ ይህንንም እሳቸው ራሳቸው ያውቁት ነበር። በ1966 ዓ.ም. አንድ ባልደረባቸው ለቀጥታ መንገድ የፍጥነት ውድድር ያዘጋጀውን መኪና ይዞባቸው መጣ። ለማታውቁት፣ በዚህ ውድድር ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው አራት መቶ ሜትር ያህል ይከንፋሉ፤ ነገሩ አሥራ አምስት ሳይቆጠር ያልቃል። መኪናው ቢገለበጥ ሾፌሩን የሚከልለውን የብረት ቱቦ እንዲበይዱለት ለመናቸው። በየዱለት። እንዲያምርም ብለው የብየዳውን እብጠት በግራይንደር አለስልሰው ቀለም ቀቡት።

የዚያን ጊዜው የውድድር መኪኖች ፈታሽ፣ አንድ ሽማግሌ፣ ብየዳውን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው መኪናውን መለሱት። አጎቴ ደማቸው ፈላ። ሽማግሌውን በገዛ ደንባቸው ሊረቱ የደንቡን መጽሐፍ ተውሰው ሦስት ቀን አነበቡት፤ በአራተኛው ቀን ሊመልሱት ሲሄዱ ግን የተረቱት እሳቸው ነበሩ። ብየዳ ሲሞረድ ጉልበቱም አብሮ ይሞረዳል፤ ደንቡ የከለከለውም ለዚህ ነበር። ሽማግሌው ምንም አልፈረዱባቸውም። «ካነበብከው አይቀር፣ ና አግዘኝ» አሏቸው። አጎቴም በዚያው ፈታሽ ሆነው ቀሩ።

ባለቤታቸውንም ያገኙት በዚሁ ሥራ ምክንያት ነው። በ1970 ዓ.ም. የአንድ ሾፌር የደህንነት ቀበቶ ስፌቱ ቢላላ ከፍተሻው ሼድ ፊት ለፊት ወዳለችው ልብስ ሰፊ ይዘውት ሄዱ። እሷም አገላብጣ አይታ መለሰችላቸው፦ «ቀሚስ ቢተረተር ሰው ያፍራል፤ ይኼ ቢተረተር ሰው ይሞታል። አልሰፋም።» አጎቴ ሲመለሱ መጽሐፉን ገለጡ፤ ስፌቱ የላላ ቀበቶ ይጣላል እንጂ አይሰፋም ይላል። መጽሐፉ በሁለት ገጽ ያለውን በአንድ ትንፋሽ የጨረሰችውን ሴት በ1971 ዓ.ም. አገቡ። በ1975 ሴት ልጃቸው፣ በ1978 ወንድ ልጃቸው ተወለዱ። ወንዱ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ከመኪና የሚያውቀው ወንበሩን ብቻ ነው።

ጋሽ አንቀጽ ደንቡን በቃላቸው ቢያውቁትም የሚኮሩት በዚያ አልነበረም። «በቀቀንም ይሸመድዳል» ይሉ ነበር። ከእያንዳንዱ አንቀጽ ጀርባ አንድ ቤቱ ያልተመለሰ ሾፌር አለ ብለው ስለሚያምኑ፣ ሰው ስለ ደንቡ ሲከራከራቸው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ይኼ ደንብ የፈራው ምንድን ነው?» አንድ ሾፌር የእሳት ማጥፊያውን ሌባ እንዳይወስድበት ከወንበሩ ኋላ በብሎን ጥርቅም አድርጎ አስሮ «ይኑር ይላል፤ አለ» ቢላቸው፣ ቀበቶውን አሳስረው «በል አሁን አጥፋ» አሉት። እጁ አልደረሰም። ሌላው ጢሙ ደረቱ ድረስ የወረደ ነበር፤ ደንቡ ረጅም ጠጉር ይሸፈን እንጂ ጢም አይልም ብሎ ሞገታቸው። አጎቴም «እሳት እንዳንተ አንብቦ አያውቅም» ብለው ጢሙን አሸፈኑት። ሰውየው ዛሬም ሊሸኛቸው እዚህ አለ፤ ጢሙም አለ።

ሁሉም ነገር ልክ ሲሆንላቸው ቀበቶውን ሁለቴ ይስቡና የመኪናውን ጣሪያ ሁለት ጊዜ ያንኳኳሉ። ያን ድምፅ ሳይሰማ ሞተር የሚያስነሣ አልነበረም። ለአንዱ የፈረዱት ለሌላው እንዳይዛነፍም እያንዳንዱን ውሳኔ በመዝገብ ይጽፉ ነበር።

ሴት ልጃቸው በዚያ ሼድ አድጋ ሾፌር ሆነች። በ2004 ዓ.ም. ለፍጻሜ ውድድር ደረሰች። ቀበቶ ከተሠራ ሁለት ዓመት ካለፈው አይታሰርም፤ የሷ ቀበቶ ደግሞ ቀኑ የተጻፈበትን ጨርቅ ፀሐይ በልታው አይነበብም ነበር። አዲስ ሆኖ ሲገዛ አጎቴ አብረዋት ነበሩ፤ ገና አሥራ አራት ወሩ ነው። ሻጩ የተሠራበትን ወር የጻፈበትን ደረሰኝም ይዛለች። ሊያንኳኩ እጃቸውን አነሡ። ከኋላዋ የተሰለፉት ሾፌሮች ሁሉ ያዩዋቸው ነበር። እጃቸውን መለሱና «አይነበብም፤ አይሮጥም» አሉ።

ውድድሩን ከአጥር ውጭ ቆማ አየችው። ዋንጫውን የወሰደው ሰው ከመካከላችን ተቀምጧል፤ እባካችሁ ዞር ብላችሁ አትዩት።

ሰባት ወር አኮረፈቻቸው። ቤት ትመጣለች፣ እናቷን ስማ ትገባለች፣ አባቷን ግን እንደ ቁም ሣጥን ታልፋቸዋለች። ማዕድ ላይ «ጨው አቀብለን በይው» ትላለች ለእናቷ፤ እሳቸውም «ከፊትሽ ነው በያት» ይላሉ። እናትየው ሰባት ወር ሙሉ ተርጓሚ ሆኑ። አጎቴም ለሰው ሁሉ «ደንብ ደንብ ነው» ይሉ ነበር።

አዲሱ የውድድር ዘመን ሊከፈት ሲል መነጽራቸው ተሰብሮ ባለቤታቸው መዝገቡን ያነቡላቸው ጀመር። ከሁለት ዓመት በፊት የተጻፈ አንድ ገጽ ላይ ደረሱ፦ የማያውቁት ሾፌር፣ የቀበቶው ቀን የደበዘዘ፣ «ወሩን የሚያሳይ ደረሰኝ ቀርቦ አልፏል»። ባለቤታቸው አንብበው ጣታቸውን መስመሩ ላይ አኖሩ። አጎቴ «ድገሚው» አሉ። ደገሙት። «ለባዳ የፈቀድኩትን ልጄን ከለከልኳት» አሉና ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

በመክፈቻው ቀን ሾፌሮቹን ሁሉ ሼዱ ውስጥ ሰብስበው በአዲስ መነጽር ሁለቱን ገጾች፣ የባዳውንና የልጃቸውን፣ አነበቡ። «ደንቡ የፈራው አደጋን ነበር» አሉ። «እኔ የፈራሁት ሐሜትን ነው። ለልጁ አደላ እንዳልባል ልጄን በደልኩ። ተሳስቻለሁ።» ልጃቸው ከኋላ እጇን አጣጥፋ ቆማ ነበር። ሁሉም ዞረው ሲያዩዋት «አባዬ፣ እሱንም መዝግበው» አለች። መዘገቡት፤ ቀን ጽፈው ፈረሙበት፤ እሷም በምስክርነት ፈረመች። ዋንጫው አልተመለሰም፤ ጨው ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ በቀጥታ ይቀባበሉ ጀመር። በ2010 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ መዝገቡንና የሚፈትሹበትን የእጅ ባትሪ የተረከበችው እሷ ናት።

ጡረታው ለእሳቸው እንጂ ለእኛ ዕረፍት አልነበረም። የጎረቤት መሰላል፣ የልጅ ልጆች ብስክሌት፣ የታክሲ ቀበቶ ሳይፈተሽ አላለፈም። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በልብ ድካም ሲታመሙም፣ ሆስፒታል በገቡ ቀን ነርሷን የጠየቁት ስለ ሕመማቸው ሳይሆን የኦክስጂኑ ሲሊንደር መቼ እንደተፈተሸ ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ልጃቸው አልጋቸው ጠርዝ ተቀምጣ አንድ ያስቸገራትን ውሳኔ አጫወተቻቸው። «የፈራው ምንድን ነው?» አሏት በደከመ ድምፅ። ነገረቻቸው። የአልጋውን ብረት ሁለት ጊዜ አንኳኩ።

በማግስቱ፣ ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ75 ዓመታቸው ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ባሉበት ዐረፉ። ከእሳቸው በኋላ ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና ሁለት እኅቶቻቸው ቀርተዋል። ከተገለበጠ መኪና በእግራቸው ወጥተው ዛሬ በሕይወት ያሉ ሾፌሮችም አሉ፤ ቁጥራቸውን እኛ አናውቀውም፤ እሳቸውም አልመዘገቡትም።

ፈጣሪ የአጎታችንን ነፍስ በሰላም ያሳርፍ፤ «ለምን» ማለታቸው አይቀርምና በትዕግሥት ይመልስላቸው። ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።

አሁን ልጃቸው ሳጥኑን በመኪናው ላይ የያዘውን ማሰሪያ ሁለቴ ትስበዋለች፤ ከዚያ ክዳኑን ታንኳኳለች። እናንተ ሾፌሮች ታውቁታላችሁ። ሌሎቻችሁ ግን እባካችሁ ታገሡ፤ ሁለተኛውን ድምፅ ሳንሰማ መኪናው ከዚህ አይነሣም።