በገዛ ቤቱ የእግዚአብሔር እንግዳ

ጥርባ፣ ኅዳር 20 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለልጄ፣

ጤናህ እንደምን ነው? ትምህርቱስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በእግሬ ቆሜያለሁ። ገብሱም ታጭዷል። ሰላምታውን ከዚህ በላይ ለማሳመር ሆዴ አልፈቀደም። በገዛ እጄ የምጽፍልህ፣ ነገሩ ለጸሐፊ ተናግሬ የማስጽፈው ስላልሆነ ነው።

በመስከረም መጨረሻ፣ ከሁለቱ ጓደኞችህ ጋር በዝናብ በስብሳችሁ ደጃችን ላይ ስትቆሙ፣ በረት እየዘጋሁ ነበር። የመሸብን የእግዚአብሔር እንግዶች ነን ስትል ድምፅህን ለየሁት። ሊያስደንቀን ነው ብዬ ሳቄ መጣ። አንተ ግን ዓይን ዓይኔን እያየህ፣ ጋሼ፣ ያሳድሩናል ወይ አልከኝ። አባትህን ጋሼ።

እናትህ ልታቅፍህ ስትመጣ እጅህን ዘርግተህ እንደ ባዕድ ጨበጥካት። በአዊኛ፣ ልጄ ምን ሆነሃል አለችህ። ያ አጭሩ፣ ገበየሁ፣ ምን አሉ ብሎ ቢጠይቅህ፣ እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፣ የአገሩን ቋንቋ ከየት አውቄ አልከው። ዱላዬን ፈለግሁ። እሷ ያዘችኝ። ተወው፣ ምክንያት ይኖረዋል አለች።

ከዚያ እንደ ወጉ ውሃ አሙቃ የሦስታችሁንም እግር አጠበች። የእንግዳ እግር ነውና አጥባ ሳመች። ያንተንም ሳመች። አንተ ጣራ ጣራውን ታይ ነበር።

ራት ላይ ጉዟችሁን ነገራችሁን። በጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጣችሁ ባሕር ዳር ገባችሁ። በታንኳ ከደሴት ደሴት ዞራችሁ በየገዳሙ በላችሁ። በማግስቱ የዘንገናን ሐይቅ አይታችሁ ተራራ ልትወጡ ነበር። ገበየሁ፣ የእግዚአብሔር እንግዳ የሚባል ነገር እያለ ለሆቴል የሚከፍል ቂል ነው፣ ኪሳችንን ሳንነካ ጎጃምን ጨረስናት ብሎ ሳቀ። አንተም ሳቅህ። ታንኳውን የቀዘፈ፣ ቂጣውን የጋገረ ሰው የሌለ መሰላችሁ። ስታስል የከረመች ሴት እሳት አጠገብ ያለውን መደብ ለእናንተ ለቃ፣ በር ሥር ቁርበት ላይ ተኛች። በነፃ ያላችሁት ይህን ነው።

በማግስቱ ሌላው ጓደኛህ፣ በዛብህ፣ ምርኩዜን ረሳሁ ብሎ ከተራራው ሥር ብቻውን ተመለሰ። አባባ፣ ልጅዎ ነው አይደል አለኝ። ከምን አወቅህ ብለው፣ ጨለማ ጓዳ ገብቶ ሳይዳብስ የውሃውን ቅል ከተሰቀለበት አወረደ፣ እንግዳ እንዲህ አያደርግም አለ። ዝናቡ ባይጥል ኖሮ ደጃችንን አልፈህ ልትሄድ እንደነበርም ያን ጊዜ እንደገባው ነገረኝ። የእሱ አባት ጉለሌ ሸማኔ ናቸው። አንተም ከቤታቸው በልተሃል። ታዲያ ከማን ነው የደበቅኸን? ጉልበቴን ሊስም ሲያጎነብስ ከለከልኩት። የአንተ ሥራ ነበር።

እናትህ አንድም ቀን አላማችህም። ልጁ ከስቷል፣ ይህን ብቻ ነበር የምትለው። ብርዱ ጠንቶባት ከተኛች በኋላ ልጥራው ወይ ስላት፣ ፈተና አለበት፣ ራሱ ይመጣል አለች።

አሁን እኔ ጠርቼሃለሁ። ይህ ወረቀት እንደደረሰህ ተነስ። የጆንያው ጨዋታ ይቅርና አውቶቡስ ተሳፈር። ብቻህን አትምጣ፤ ለበዛብህም ጽፌለታለሁ፣ አብሮህ ይመጣል። ገበየሁንም ጥራው። የማን ልጅ እንደሆንክ በአንደበትህ ነግረኸው ይምጣ።

አውቶቡሱ በሰፈራችን ሲያልፍ እንዳትወርድ። ሰው ቢጣራም አትውረድ። እንጅባራ ግባና ከአጎትህ ከደጉ ቤት እደር። በማለዳ እሱና ዘመዶቹ ይዘውህ ይመጣሉ።

በመንገድህ መልአኩ ይከተልህ። ልብህን እሱ ያጽናው።

አባትህ